አስር እርምጃ ኋላ

ከዱዓይጅ ኋላ እሄዳለሁ፣ አስር እርምጃ ርቄ።
ሥራዬ ይኸው ነው፤ ጠንቅቄ
መራቅን መማር።

መምህርት ሙኒራ ናት በጣቷ የቆጠረች፦
«ዛሬ አስር፣ እሑድ ሃያ፣» አለች፤
«ከዚያ አንቺ እስከ ልብስ ሰፊው በር፤
ከዚያ እሱ ብቻውን፣ ካንቺ ዓይንሽ ብቻ ሲዞር።»

ሙሐረቅ ነሐሴ ነው። አየሩ እንደ እርጥብ ጋቢ ይከብዳል።
የማቀዝቀዣው ውሃ ከግድግዳው ጠብ ጠብ ይላል።
ዱዓይጅ ይቆማል፤ ጠብታውን በመዳፉ ይቀበላል፤
ይቆጥራል፦ አንድ፣ ሁለት፣ አራት።
ሦስትን አይወዳትም። ማን ያውቃል ያለበትን ምክንያት።
ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው።

ካንገቱ ካርድ ተንጠልጥሏል፣ አራት ሥዕል ያለበት፦
ሰማያዊ በር። ድመት። ምድጃ። ቤት።
ፊደል የለውም፤ ሰፈሩ ነው የተጻፈበት።

ማዕከሉ ድሮ የዕንቁ ነጋዴ ግቢ ነበር ይላሉ።
አሁን እነ ዱዓይጅ ይውሉበታል፤ ሳህን ያጥባሉ፣
ሱቅ ይላላካሉ፣
በዝቅተኛው መስኮት ሰው ሲያልፍ ያያሉ፣ ይታያሉ።

እናቱን አንድ ጊዜ ከድልድዩ ማዶ ወስደዋት ነበር፤
ሰፊ ግቢ፣ ነጭ አልጋ፣ የብረት በር።
«ንጹሕ ነው አይደል?» አሏት።
«መቃብርም ይጠረጋል» ብላ ወጣች። መኪናው ውስጥ አለቀሰች፣ ማንም እንዳያያት።

እኔም ቢሆን፣ ሁለት ዓመት ሙሉ
መንገዱን ያየሁት በመስኮት ነው፤ «ትጠፊያለሽ» እያሉ።
እሱ መውጣት ሲማር ተከታይ አስፈለገ።
ይኸው፣ በእሱ ሰበብ እግሬ ደጅ ረገጠ።

«ቲንጎ!» ይላል ሳይዞር። ትርንጎ ማለት አይሆንለትም።
መመለስ ክልክል ነው። አልመልስለትም።
ነጠላ ጫማዬን ግን ከድንጋዩ ጋር አፋጫለሁ፣
እንዲሰማ ያህል፤ ይህን ለሙኒራ አልነገርኩም፣ አልነግራትም፣ እዋሻለሁ።

ዳቦ ጋጋሪው ሐጂ ነውሩዝ ባንገቱ ላይ አልፎ
«ስንት ይፈልጋል?» አለኝ፣ ዱዓይጅን እንደ ዕቃ አልፎ።
እኔ ግድግዳ አየሁ።
ሰልፉ አጉረመረመ። የእሳቱ ወላፈን ፊታችንን ገረፈ። ቆየሁ።
ዱዓይጅ እጁን አወጣ፣ አውራ ጣቱን አጥፎ፦
አራት።

እናቱ ግን ሦስት ነበር ያለችው፦
ለእሷ፣ ለአጎቱ፣ ለእሱ። «ዛሬም ቁጥር ተሳሳተ» አለችው።
ሙኒራም ጻፈች፦ «ቁጥር ላይ እገዛ ይሻል።»
አራተኛው ኩብዝ በወረቀቱ ውስጥ መዳፌን ያቃጥላል፤
ማን እንደሰጠኝ ያውቃል።

ወንድም ነበረኝ። አለኝ። ሐይቅ ከተማ ዳር፤
ስሙ ማንደፍሮ። እንግዳ በመጣ ቁጥር
ጓዳ የሚገባ። መጋረጃውን ስቤ
የጋረድኩት እኔ ነኝ፣ ለክብራችን አስቤ።

በሦስተኛው ሳምንት ሐሙስ፣ ከልብስ ሰፊው በር ቆምኩ።
ዱዓይጅ ወደ ድመቷ ታጠፈ። ጫማዬን አፋጨሁ። ጠበቅኩ።
«ቲንጎ» አላለም።
ቅር አለኝ መሰለኝ። ወይ ደስታ ነው፤ ስሙን አላውቀውም።

ልብስ ሰፊው መርፌውን ጥርሱ ላይ ይዞ «ይመጣል» አለኝ፣
በርጩማ ገፋልኝ።
አልተቀመጥኩም።

መጣ። ካርዱ ወደ ጀርባው ዞሯል፤ አላየውም።
አራት ኩብዝ፣ መቶ ፊልስ የጎደለ መልስ፣ አንዱ ጠርዙ የተገመጠ፤
ለድመቷ ይሆናል፣ ወይ ለራሱ፤ ማንንም ሳያስፈቅድ የቆረጠ።

ማታ ለእናቴ ደወልኩ። «ማንደፍሮን ነገ ጨው ግዛ ብለሽ ላኪው።»
ዝም። ከዚያ፦ «ሰው ያየዋል እኮ።»
«ይየው።»
«ብቻውን?»
«አስር እርምጃ ኋላ ሁኚ፣» አልኳት፤ «ከጠራሽ
አትመልሺ። ጫማሽን ብቻ...»
መስመሩ ተቋረጠ። ወይ ዘጋችው።
ካርዴ አልቆም ይሆናል። አላጣራሁም ገና።